የውሸት ለቅሶ

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቁሚው» አለች ኪቫ ከታች ሆና። «ልክ ዘጠኝ ላይ። ፊልም ላይ ሰው ሁሌም የሚሞተው ሙሉ ሰዓት ላይ ነው።»

ኑዋላ ወንበር ላይ ቆማ የግድግዳውን ሰዓት መስታወት ከፍታለች። ሞት ሙሉና ጎዶሎ ሰዓት እንደማይመርጥ ታውቃለች። ወንድ አያቷ አርባ ዓመት ሙሉ ለከተማው የሬሳ ሣጥን ሲሠሩ የኖሩ አናጺ ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ያልሰማችው የለም። ግን ከኪቫ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። የሚወዛወዘውን ፔንዱለም በጣቷ ያዝ ስታደርገው ሳሎኑ ጭር አለ። ያ አሮጌ ሰዓት ይህን ያህል ድምፅ እንዳለው ሁለቱም ልብ ብለውት አያውቁም ነበር።

ሰው ሁሉ ሙት መስሎ የሚያስፈራራበት ሃሎዊን ነገ ማታ ነው። የመንገዱ ሰው ሁሉ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ዱባውን ቀርጾ ደጃፉ ላይ ደርድሯል፣ አጥሩ ላይ የፕላስቲክ አጽም አንጠልጥሏል፣ ዛፉን የጥጥ የሸረሪት ድር አልብሶታል። ሁሉም የተገዛው ከአንድ ሱቅ ስለሆነ አንዱን ቤት ያየ ሁሉንም አየ ማለት ነው። ኪቫ በዚህ ስታፌዝ ከርማ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አመጣች። የሱቅ አጽም የሚያስፈራው ሕፃን ነው፤ እኛ በእጃችን እውነተኛ ለቅሶ ቤት እንሠራለን አለች። ሬሳው ሳሎን ውስጥ ተጋድሞ፣ መስታወቱ ተሸፍኖ፣ ሰዓቱ ሰውየው በሞተበት ደቂቃ ቆሞ፣ ሻማው በርቶ። ከክፍላቸው አሥራ አራት ልጆች ጠራች። የጠራቻቸው ግን ወደ ራሷ ቤት ሳይሆን ወደ ኑዋላ ቤት ነው፤ የኪቫ እናት ምንጣፋቸው ላይ ሰም ጠብ እንዲል አይፈልጉም።

ኑዋላ አልከፋትም። እንዲያውም ሌሊቱን በደስታ ስትገላበጥ ነው ያደረችው። አያቷ ሳንባቸው ታሞ ጓዳ ከተኙ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከኪቫ በቀር አንድም የክፍሏ ልጅ የቤታቸውን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ የኦክስጅኑ መሣሪያ ቀንና ሌሊት ያጓራል። ልጆቹ ሲጠይቋት ቤታችን እየታደሰ ነው ትላለች። ሁለት ዓመት የሚታደስ ቤት የለም፤ እነሱም መጠየቁን ትተውት ነበር። ነገ ግን አሥራ አራቱም ይመጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚያወሩት ስለ እሷ ሳሎን ይሆናል።

አያቷን ስታስፈቅድ ይቆጣሉ ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን ትራስ አስደግፋቸው ተቀመጡና ከሠራችሁት አይቀር በደንብ ሥሩት አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ነገሯት። መጋረጃው ሁሉ ይውረድ፣ ብርሃን ሽው የሚልበት ቀዳዳ እንዳይኖር። ወንበሮቹ ግድግዳውን ይዘው ይደርደሩ። የደጁ በር አይቆለፍ፤ ለቅሶ ቤት አይንኳኳም፣ ተገፍቶ ነው የሚገባው። የሬሳው እጆች ደረት ላይ ይጣመሩ። ልብስ ስትሉ ደግሞ የኔ ጥቁር ሙሉ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፣ እኔ እንደሁ ለብሼው የምሄድበት የለኝም አሉ። ኑዋላ ከስንት ወር በኋላ እንደዚያ ፊታቸው ሲፈካ ያየችው ያን ቀን ነው።

ስለ አያቷ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ማላኪ የሚባል ወንድ ልጅ አላቸው፤ የኑዋላ እናት ታላቅ ወንድም ነው። በመኪና ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬደው ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ወደዚህ ቤት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ብቅ ብሎ አያውቅም። ሴት አያቷ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ እሱን እሱን ሲሉ ነበር፤ የደረሰው ግን ከሞቱ በኋላ ነው፣ ዓይኑ ቀልቶ። አያቷ በሬሳው ፊት፣ ከተማው ሁሉ ሻይ ይዞ በተቀመጠበት፣ «አንተ የምትመጣው ለሞተ ሰው ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ጊዜ የለህም» አሉት። ማላኪ ሲኒውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስሙ እዚህ ቤት አይነሳም። አያቷ አይጠሩትም፣ እሱም አይመጣም፤ ሐኪሙ ደግሞ ለእናቷ የነገራት ከገና እንደማያልፉ ነው። የደጁ በር በተከፈተ ቁጥር ግን አያቷ ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ። ኑዋላ ፖስተኛው ነው፣ ወይም እማዬ ናት ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ያልጠየቁ መስለው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ።

ሬሳው ማለፊያ ሆኖ ነበር የወጣው። ሙሉ ልብሱን በጋዜጣ ጠቅጥቀው ከሳሎኑ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። ጭንቅላቱ ትራስ ነው፤ ፊት ስላልነበረው ነጭ መሐረብ ጣል አደረጉበት። እጆቹ ግን የኪቫ የብቻዋ ጥበብ ናቸው። ስስ ነጭ ጓንት በእርጥብ አሸዋ ሞልታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደረቻቸው፣ በጨለማ ለነካቸው እውነተኛ የሬሳ እጅ እንዲመስሉ። ኑዋላ ስትሞክረው ክንዷ ድረስ ዘገነናት። በሬሳው ራስጌ አንድ ሳህን የተላጠ ወይን ተቀምጧል፣ ዓይን ነው ተብሎ፤ በግርጌው ደግሞ የቀዘቀዘ ፓስታ፣ እሱ አንጀት ነው። ሻማዎቹን ለሙከራ ለኮሷቸው። መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ ሲያወርዱ በጠራራው ቀን ሳሎኑ ጨለመ።

«ነፍስ ነው እኮ» አለች ኪቫ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ እያየች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ፊቷን በዱቄት አገርጥታዋለች። «ነገ አንዷ ሳትወድቅ አትቀርም። እኔ በር ላይ ቆሜ እያለቀስኩ አስገባቸዋለሁ።»

የአያቷ ክኒን ሰዓት ስለደረሰ፣ እናቷም ሥራ ላይ ስለሆነች፣ ኑዋላ ወደ ጓዳ ሄደች። ክኒኑን እየሰጠች ሳለ ከደጅ በኩል ሰው ሲያናግር ሰማች፤ የኪቫም ድምፅ ዝቅ ብሎ መለሰ። ስትመለስ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ፊት ለፊት ያሉት ሴትዮ ናቸው፣ የሆነ ነገር ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው አለች ኪቫ። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። ኑዋላ ከልብ አልወሰደችውም።

ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለ ለማየት የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ ያደረገችው ትንሽ ቆይታ ነው። ከመንገዱ ማዶ የፊት ለፊቷ ሴትዮ፣ የወይዘሮ ዴቫኒ መጋረጃ ወረደ። ቀጥሎ የጎረቤታቸው። ከዚያ የማዕዘኑ ቤት፣ ፎቁም ምድር ቤቱም። በዚህ ከተማ በቀን መጋረጃ የሚወርደው አንድ ነገር ሲሆን ብቻ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል፤ ሬሳ ያለበት ቤት መጋረጃውን ሲያወርድ ጎረቤቱም ለክብሩ ያወርዳል።

«አንቺ፣ ሰው ሞቷል» አለች ኑዋላ። «ማን ይሆን?»

ኪቫ ዓይኗን ወደ በሩ አዞረች። ሳቋም ጠፍቶ ነበር።

በሩ ሳይንኳኳ ተገፋ። ወይዘሮ ዴቫኒ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በፎይል የተሸፈነ የሳንድዊች ትሪ ይዘው ገቡ። ትሪውን ኮሪደሩ ላይ አኖሩና ኑዋላን ጥምጥም ብለው አቀፏት። «እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ» አሉ። «ደግ ሰው ነበሩ። እናትሽ ከጓዳ ናት?»

ኑዋላ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከእቅፋቸው ወጣች። አያቴ አልሞቱም፣ አሁን ክኒን ሰጥቻቸው መምጣቴ ነው፣ ይሄ የሃሎዊን ነው ስትል ቃላቱ እርስ በርስ ተደነቃቀፉባት። ወይዘሮ ዴቫኒ ወደ ጠረጴዛው አዩ፣ ወደ ወይኑ ሳህን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸው ኪቫ ላይ አረፈ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሰላም አረፉ ያልሽኝ?»

የኪቫ ፊት ከዱቄቱ ሥር ቀላ። «ኑዋላ ናት እንደዚያ በይ ያለችኝ» አለች። «ማንም ቢጠይቅ በቁም ነገር መልሺ አለችኝ።»

ኑዋላ ወደ ኪቫ ዞረች። እንዲህ ያለ ነገር አልወጣትም። ኪቫን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ስትዋሽም አይታታለች፣ ለአስተማሪ፣ ለእናቷ፣ ለወንዶቹ። እንዴት አድርጋ ዓይኗን ሳታርገበግብ እንደምትዋሽ አብረው ስቀውበታል። በራሷ ላይ ሲመጣ ግን እንደ ጥፊ ነበር የተሰማት።

ወይዘሮ ዴቫኒ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ከግድግዳው ወንበሮች አንዱ ላይ ዘፍ አሉና ግንባራቸውን ያዙ። ቄሱ ጋ ደውያለሁ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው አነሰ። «ማላኪ ጋም ደውያለሁ። ከዚህ ቤት ማንም እንደማይደውልለት ስለማውቅ ነው። አሁኑኑ እነሳለሁ ብሎኛል።»

ቁጥሩን ከደብተራቸው አንብበውላት ኑዋላ በስልኳ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እየነዳ ይሆናል አሉ ወይዘሮ ዴቫኒ። በሉ እንግዲህ፣ ቄሱ ቅብዓ ቅዱሳቸውን ይዘው ሳይደርሱ ልመልሳቸው፣ ጎረቤቱንም መጋረጃውን ላስከፍተው ብለው እየተጣደፉ ወጡ። ትሪው እንዳለ ቀረ። ወዲያው አያቷ ከጓዳ ሲፈልጓት የሚመቱት ደወል አቃጨለ።

«መጋረጃውን ክፈቺ» አለቻት ኑዋላ ኪቫን። «ሻማውን አጥፊ፣ ያንንም ከጠረጴዛው አውርጂው። አሁኑኑ። አጎቴ እንደዚህ እንዳያየው።»

«አታካብጂ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለች ኪቫ፤ ቢሆንም እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

አያቷ ትራሳቸው ተንሸራቶ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። አቃንታ አስቀመጠቻቸው፣ የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካከለች፣ ጀርባቸውን አሸችላቸው። ምንድን ነው ግርግሩ ሲሏት የሳንድዊቹን ታሪክ ነገረቻቸው፤ የማላኪን ግን ዘለለችው። ሽማግሌው በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የራሱን ተስካር የቀመሰ ሰው ስንት አለ፣ አንድ አምጪልኝ እስኪ አሉ። በጓዳው በር ወጥታ ከኮሪደሩ ትሪ ላይ አንድ ይዛላቸው ተመለሰች። ቀስ እያሉ ሲገምጡ አጠገባቸው ተቀመጠች። በጠቅላላው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ወደ ሳሎኑ ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው መስቀያውን ነው። የኪቫ ካፖርት የለም። ቀጥሎ ያየችው በሳሎኑ በር ስንጥቅ የሻማ ብርሃን ነው። መጋረጃው አልተነካም። ሬሳው እንደተጋደመ ነው። ከፊቱ አንድ ትልቅ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ።

ወዲያው መናገር ነበረባት። ይህን በኋላ ስታስበው ሰበብ አልፈለገችለትም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፣ አፏም ተከፍቶ ነበር። ነገር ግን ማላኪ «አባዬ» አለ፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከትልቅ ሰው ሰምታ ስለማታውቅ በሩን ይዛ ቀረች።

«መኪና ውስጥ ሆኜ ስመጣ የምለው ብዙ ነበር» አለ። «አሁን ጠፋብኝ።»

ወንበር ስቦ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። መሐረቡን አልገለጠውም፤ ወደ ፊቱም አላየም። የሚያየው የራሱን ጫማ ነው።

«እማዬ የሞተች ጊዜ ሰክሬ የቀረሁ ነው የመሰለህ። ሁሉም የመሰለው እንደዚያ ነው፣ እኔም አላረምኩም። አልሰከርኩም ነበር። ከተማው መግቢያ ድልድዩ ጋ መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ነበር። ፈርቼ ነው። እንደዚያ ሆና ላያት ፈራሁ፣ አባዬ። ይህን ለአንተ ከምነግርህ ሰካራም ብትለኝ ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «አንተንም እንደዚሁ ነው። ሁለት ጊዜ ድልድዩ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አንዱ ባለፈው ወር ነው።»

ከዚያ እጁን ዘርግቶ ደረት ላይ ከተጣመሩት እጆች አንዱን ያዘ። ቅዝቃዜው ሲሰማው ትከሻው ወረደ፣ ማልቀስም ጀመረ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ኑዋላ ያኔም አልተናገረችም። እጁን ጠበቅ ሲያደርገው አሸዋው ሸሸ፣ የጓንቱም ጣት የሰው ጣት በማይታጠፍበት በኩል ወደ ኋላ ታጠፈ።

ማላኪ የታጠፈውን ጣት እያየ ደርቆ ቀረ።

«አጎቴ» አለች ኑዋላ። «አባባ አልሞቱም። እሱ ልብሳቸው ነው። ውስጡ ጋዜጣ ነው።»

ተነስቶ መሐረቡን ገለጠ። አበባ የተጠለፈበት ትራስ ነው። የወይኑን ሳህን አየ፣ ፓስታውን አየ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን አልጮኸባትም። መሐረቡን በቦታው መልሶ አለበሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?»

«ከመጀመሪያው።»

ለምን እንዳልተናገረች አልጠየቃትም። ፊቱ ብቻ ሳይሆን አንገቱ ድረስ ቀላ። ኑዋላ በሕይወቷ እንደዚያ ያፈረ ሰው አይታ አታውቅም፤ ያሳፈረችው ደግሞ እሷ ናት።

«ከጓዳ ናቸው» አለች። «ነቅተዋል። ሳንድዊች እየበሉ ነው። ብትገባ እኮ...»

ያን ጊዜ ከኮሪደሩ መጨረሻ ሳል ተሰማ። ረጅም፣ እርጥብ፣ ትንፋሽ እስኪያጣ የሚሄድ ሳል ነው፤ ኑዋላ ለምዳዋለች፣ ማላኪ ግን ሰምቶት አያውቅም። በበሩ አሻግሮ ወደ ጨለማው ኮሪደር አየ። ከቆመበት እስከ ጓዳው በር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ እግሩ ተነስቶም ነበር። ሳሉ እስኪያበቃ ድረስ ቆሞ አዳመጠ፤ ሲያበቃ ቆቡን አደረገ።

«መምጣቴን እንዳትነግሪው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን እንደሚል አንቺም ታውቂያለሽ። ለሞተ ሰው መጣ ነው የሚለው። ውሸትም አይደለም።»

እሺ አላለችውም፣ እምቢም አላለችውም። ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮት ወጣ። የመኪናው ድምፅ በመንገዱ መጨረሻ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ነበረች።

ከዚያ ሻማዎቹን አጠፋች። መጋረጃዎቹን ሽቅብ ስትለቃቸው የቀኑ ብርሃን ገብቶ ሳሎኑ የጋዜጣና የቀዘቀዘ ፓስታ ክፍል ሆነ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። የክፍላቸው የመልእክት ቡድን ነው። ኪቫ የነገው ግብዣ ወደ እኛ ቤት ተዛውሯል ብላ ጽፋለች፤ ለካስ እናቷ ምንጣፉን ረስተውታል። ከሥሩ ደግሞ ኑዋላ አያቷን ሳይሞቱ ለቅሶ አስቀመጠችላቸው፣ የሰፈሩ ሴቶች ሳንድዊች ይዘው መጡ የሚል። አሥራ አንድ ሰው ስቋል። ኑዋላን በጣም አመማት። ሁለት ዓመት ስትደብቀው የኖረችውን ቤት ኪቫ በሁለት መስመር ለሁሉም ከፍታ አሳየችው።

ደወሉ አቃጨለ።

አያቷ ግማሹን ሳንድዊች ሳህኑ ላይ አስቀምጠዋል። ቀና ብለው ተቀምጠዋል፣ ከወትሮው ይበልጥ ቀና ብለው። «ሰው ሲያወራ ሰማሁ» አሉ። «ወንድ ነው። ማን ነበር?»

ፖስተኛው የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ያገለገለ ቃል ነው። ማላኪም ይህንኑ ነው የለመናት፤ ብትለው ማንም አይጎዳም፣ ሁሉም ትናንት በነበረበት ይቀጥላል። ገና እስኪደርስ።

«ማላኪ» አለች።

ሽማግሌው የሳንድዊቹን ሳህን ራቅ አደረጉት። መሣሪያው ብቻውን አጓራ።

«ለኔ ነው የመጣው ወይስ ለሬሳው?» አሉ በመጨረሻ።

«ለሬሳው።»

«ብዬ ነበር» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። በድምፃቸው ውስጥ ያሸነፈ ሰው ደስታ ነበር። ኑዋላ የምትወዳቸውን ያህል በዚያች ደቂቃ ጠላቻቸው። ማላኪንም ጠላችው። አንዱ አሥር እርምጃ መራመድ አቅቶታል፣ ሌላው ልጁ ባለመራመዱ ልክ ነበርኩ ብሎ ይደሰታል፤ እሷ ደግሞ በሁለቱ መካከል ክኒን ታመላልሳለች።

ደስታቸው ብዙ አልቆየም። ብርድ ልብሳቸውን በጣታቸው ነካኩ፣ አስተካከሉ፣ እንደገና ነካኩ። «ምን አለ?» አሉ።

«ለእርስዎ አይደለም የተናገረው።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለልብስዎ።»

ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን ሳል ሆነ። ይዛቸው ጠበቀች። ሲያበቃ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከሳሉ ይሁን ከሌላ አታውቅም። የእጇን አንጓ ያዙ። «ንገሪኝ» አሉ። እኚህ ሰው ማንንም ለምነው አያውቁም።

ልትነግራቸው ፈለገች። አንዲት ቃል ናት፣ ፈርቶ ነው፣ ከዚያ ምናልባት ስድስቱ ዓመት ሁሉ ይገባቸው ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ፈሪ፣ ብዬ ነበር» ይሉ ይሆናል፤ ማላኪ እዚህ ቆሞ መልስ መስጠት በማይችልበት። የትኛው እንደሚሆን አታውቅም። የምታውቀው ቃሉ የሷ አለመሆኑን ነው፤ አንዴ ሳይፈቀድላት ሰምታዋለች፣ ይበቃል።

«አልነግርዎትም» አለች። «ራሱ ይንገርዎት።»

«አይመጣም። ቢመጣም አላስገባውም።» እጇን ለቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በሩን ዝጊው።»

ኑዋላ በሩን ዘግታ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። ሙሉ ልብሱ በቀን ብርሃን ሲታይ ሆዱ የተወጠረ፣ እግር የሌለው ነገር ነው። ወይዘሮ ዴቫኒ የሰጧትን ቁጥር አውጥታ ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ። የመኪና ሞተር ይሰማል፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ።

«ሞተ?» አለ ማላኪ።

ቀላል ነበር። አዎ ብትለው መኪናውን አዙሮ በሩጫ ይመጣ ነበር፤ ያንን መንገድ እንደሁ አሳምሮ ያውቀዋል። ኑዋላ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«አልሞቱም» አለች። «መምጣትህን ነግሬያቸዋለሁ። ምን እንዳለ ንገሪኝ ብለው ለመኑኝ። ፈርተህ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም። እሱን አንተ ነህ የምትነግራቸው።»

የማላኪ መኪና ሞተር ጠፋ፤ መንገድ ዳር ቆሟል ማለት ነው። ስልኩን አልዘጋም። እሷም አልዘጋችም።